ወንጌል ካለፈ በኋላ የሚደርስ ሰው ቢቀር ይሻለዋል?

የሌሊት_ተረኛ (እሑድ ከሰዓት)

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ነው የምሠራው። በኛ አቆጣጠር ቅዳሜ ማታ 5 ሰዓት ገብቼ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ፣ ያውም ተረካቢዋ ከመጣች ነው፣ ካረፈደች እሷን ስጠብቅ ነው። ከዛ ነድቼ ቤተስኪያን ስደርስ ለ2 ሩብ ጉዳይ ይሆናል። ኪዳኑ ሌሊት 11 ሰዓት ነው፣ ቅዳሴው 12 ላይ ይገባል። ስለዚህ እኔ ስደርስ ሁሌም ወንጌል ተነቧል፣ አንዳንዴማ ልክ ዲያቆኑ "ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን" ሲል ነው በሩን የምገፋው፣ ውጡ ሲባል የምገባ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው ሃሃ።

እንደዛም ሆኖ 4 ዓመት ሄጃለሁ። አልቆርብም፣ ኋላ ግድግዳው ጋ ቆሜ "እትዉ በሰላም" እስኪባል ቆይቼ ጠበል ጠጥቼ ቤቴ ሄጄ ድብን አርጌ እተኛለሁ።

የዛሬ 7 ወር ገደማ በር ላይ አንዲት እናት፣ ነጠላ ያላጣፋውን ሁሉ የሚቆጡ አሉ አይደል በየቤተስኪያኑ፣ ያዝ አረጉኝና "ልጄ ወንጌል ካለፈ በኋላ ከምትመጣ ቤትህ ብትተኛ አይሻልም ወይ" አሉኝ። በክፋት አይመስለኝም። ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አድሬ፣ ነጠላው ስር ያለው የሥራ ልብሴ ነው፣ ሁለት ሽማግሌ አጥቤ ልብስ ቀይሬ ነው የመጣሁት፣ ሆዴ ባሰኝ። እሺ እማማ ብዬ ሄጄ ተኛሁ። ከዛ ወዲህ አልሄድኩም።

መጀመሪያ በዩቲዩብ ቀጥታ እከታተል ነበር፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ቲቪው ፊት ቆሜ፣ ስገድ ሲባል እየሰገድኩ። በወሩ ቁጭ ብዬ ሆነ። ከዛ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ በስልክ። ከዛ እንቁላል እየጠበስኩ። ባለፈው ደግሞ የተቀዳውን ከፍቼ ፍጥነቱን 1.5 አርጌው ኖሯል፣ ካህኑ ሲጣደፍብኝ ነው የነቃሁት። በመሃል የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ገባ፣ እኔም እሱ ሲያልቅ ጠብቄ ቀጠልኩ። ያኔ ደነገጥኩ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ዘግይቶ መሄድ ከመቅረት ይብሳል ወይስ ይሻላል? ቤት ሆኖ መከታተልስ ይቆጠራል?


ቡና_ያለ_ስኳር (እሑድ ማታ)

ወንድሜ ተኛ። ፈጣሪ የሰዓት መቆጣጠሪያ ማሽን የለውም ካርድ አታስመታም። ሽማግሌዎቹን ማጠብህ ራሱ ቅዳሴ ነው፣ እኔ እንደዛ ነው የማምነው። ቤተስኪያን ሄዶ ነጠላ ሲያስተካክል የሚውለው ሁላ ካንተ አይበልጥም።


ተራ_ዲያቆን (እሑድ ማታ)

የሌሊት ተረኛ መጀመሪያ አይዞህ። የማውቀውን ልበል፣ ሊቅ አይደለሁም ሊቃውንት ካላችሁ አርሙኝ።

ሁለት ነገር ተደባልቆብሃል፣ ለእናታችንም የተደባለቀባቸው ይመስለኛል። ለመቁረብ የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው መገኘት አለበት፣ 18 ሰዓት መጾም አለበት፣ ንስሐ አባቱን ማማከር አለበት፣ ይሄ የታወቀ ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው ግን ቆሞ እንዳይጸልይ የሚከለክለው የለም። ያቺ እናት የነገሩህ የሥርዓቱን ግማሽ ነው፣ ግማሹ በቁጣ ተሞላ።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ላባብልህ አልችልም። ቅዳሴ የሚታይ ነገር አይደለም። ለመቀደስ ራሱ ቢያንስ 5 ልኡካን ያስፈልጋል፣ 2 ቄስ 3 ዲያቆን፣ አንዱ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። አንድ አባት ምንም ቢመንኑ ምንም ቢማሩ ብቻቸውን አይቀድሱም። ከዛ ደግሞ ስድስተኛ ተሰላፊ አለ እሱም ሕዝቡ ነው። መጽሐፉን ገልጠህ እይ፣ ይካ ይላል ቄሱ የሚለው፣ ይዲ ይላል ዲያቆኑ የሚለው፣ ይሕ ይላል ሕዝቡ የሚለው። የሕዝቡ ድርሻ እንደ ጌጥ የተጨመረ አይደለም፣ ጸሎቱ ያለሱ ይቆማል። "ተንሥኡ ለጸሎት" ሲል ዲያቆኑ "እግዚኦ ተሠሃለነ" የሚል ሰው ይጠብቃል። ዩቲዩብ ላይ ብትመልስለት አይሰማህም።

ደግሞ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" ሲባል እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለት እኮ ነው። ያኔ ዞር ብለህ አጠገብህ ላለው ጎንበስ ትላለህ፣ የተጣላኸው ሰው አጠገብህ ከቆመ ጉድህ ፈላ። ቤት ውስጥ ለማን ልትጎነበስ ነው፣ ለፍሪጁ?

"እለ ትነብሩ ተንሥኡ" የተቀመጣችሁ ተነሡ የሚል ትእዛዝም አለ። አልጋ ላይ ለተጋደመ ግን የተጻፈ አላገኘሁም 😄


ቡና_ያለ_ስኳር (እሑድ ማታ)

ዲያቆን አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሕዝቡ ተሰላፊ ነው ያልከው በወረቀት ነው። ግእዙን ስንቱ ነው የሚያውቀው? እኔ 20 ዓመት "ምስለ መንፈስከ" ብያለሁ ትርጉሙን የነገረኝ የለም። እዚህ የተወለዱት ልጆች ደግሞ አማርኛውም አይገባቸውም፣ ቤዝመንት ሄደው ስልክ ላይ ናቸው።


ሻርጃ_ላይ (እሑድ ሌሊት)

ሁላችሁም ደህና አመሻችሁ። እኔ ብዙ አልጽፍም ግን ይሄን ሳነብ አላስቻለኝም።

እኔ ኤምሬትስ ሰው ቤት ነው የምሠራው። መጀመሪያው ኮንትራት ላይ ዕረፍት የሚባል አልነበረኝም፣ 2 ዓመት ከ3 ወር ቤተስኪያን አልሳምኩም። ቅዳሴ የምሰማው ኩሽና ውስጥ ባንድ ጆሮ ኢርፎን አርጌ ነው፣ ሌላኛው ጆሮ ማዳም ስትጠራ እንዲሰማ። ስልኩን ዱቄት ዕቃው ኋላ ነበር የማስቀምጠው። ያ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር ማንም አይቀንስብኝ፣ እሱ ባይኖር አብድ ነበር። ስለዚህ ዩቲዩብ ዋጋ የለውም የሚል ካለ ከኔ ጋር ይጣላል።

ግን ሁለተኛው ቤት ስገባ በወር አንድ አርብ ተፈቀደልኝ። ያኔ እዚህ አገር ዕረፍት አርብና ቅዳሜ ስለነበር የእሑዱን ቅዳሴ አርብ ነበር የምንሄደው፣ ዕረፍቱ ቅዳሜና እሑድ የሆነው በፈረንጆቹ 2022 ነው። ቤተስኪያኑም የኛ አልነበረም፣ ከሌሎች ጋር በሰዓት ተከፋፍለን ነው፣ እኛ ስንወጣ እነሱ ይገባሉ። የመጀመሪያ ቀን ገብቼ ዕጣኑ ሲሸተኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አጠገቤ የነበረች ልጅ የማታውቀኝ ጫማዬን አውልቃ ወስዳ ደረደረችልኝ። በቃ ጫማዬን ነካችው። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ የሰው ጫማ የምደረድረው።

ስለዚህ ወንድም፣ በስልክ መስማት ለታሰረ ሰው ነው። አንተ አልታሰርክም መኪና አለህ። አትቆጣኝ።


የሌሊት_ተረኛ (ሰኞ ጠዋት)

ሻርጃ ላይ አልቆጣሽም እህቴ። ሌላ የምለው የለኝም፣ ሁለቴ አነበብኩት።


ጴንጤው (ሰኞ ጠዋት)

እንግዳ ነኝ እዚህ ቤት፣ ወንጌላዊ ነኝ፣ ካልተባረርኩ ትንሽ ልበል። እኛም ጋር ያው ነው በሽታው። ከኮሮና በኋላ ግማሹ ሰው ኦንላይን ቀረ፣ ሌላው ደግሞ እዚህኛው ቸርች መዝሙሩ ይደምቃል እዛኛው ስብከቱ ያጥራል እያለ በየሳምንቱ ይዞራል፣ ልክ እንደ ሬስቶራንት። ዕብራውያን 10፥25 "በአንዳንዶቹ ዘንድ ልማድ እንደ ሆነው፥ መሰብሰባችንን አንተው" ይላል። ልብ በሉ ያኔም ልማድ ሆኖ ነበር፣ ዩቲዩብ ሳይኖር!

አባቴ በደርግ ጊዜ ነው ያመነው። የሙሉ ወንጌል ቤተክርስቲያን በንጉሡ ጊዜም ተከልክላ ነበር፣ ደርግ ሲመጣ ደግሞ ብዙዎቹ ቸርቾች ታሸጉ። ያኔ በየቤቱ ነው የሚሰበሰቡት፣ 5 ወይ 6 ሆነው፣ አንድ በአንድ በ10 ደቂቃ ልዩነት እየገቡ፣ እየወጡም እንደዛው። ጫማ ወደ ውስጥ ይገባል በር ላይ ተደርድሮ እንዳይታይ። ቡና ይፈላል ጎረቤት ከመጣ ቡና ነው ለማለት። መዝሙር በሹክሹክታ ነው፣ አባቴ እስከ ዛሬ ቸርች ውስጥ ድምፁን ከፍ አርጎ አይዘምርም ለምዶበት። በ1971 የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም የናንተው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል፣ ማንም ጨዋታ አልነበረም።

አንዴ ጠየቅኩት፣ መጽሐፍ ቅዱስ እቤትህ ነበረህ፣ መጸለይ ብቻህን ትችላለህ፣ ለምን ነበር ልጆች እያሉህ የምትሄደው አልኩት። ምን አለኝ መሰላችሁ፣ "ከቀረሁ እነሱ ተያዘ ብለው ይደነግጣሉ" አለኝ። እኔ መንፈሳዊ መልስ ነበር የጠበቅኩት።


የሦስት_ልጆች_እናት (ሰኞ ቀትር)

ሰላም ሁላችሁ፣ እኔ ደግሞ የተለየ ችግር ነው ያለኝ። ወንጌልም ቅዳሴም እኩል አልደርስም ብደርስም አልሰማም። 5 ዓመት ሙሉ ቅዳሴ ለኔ ግቢ ውስጥ ልጅ ማባረር ነው። አንዱ ሽንት ቤት ይላል አንዷ ጫማዋን ትጥላለች ትንሹ ልክ ጸጥ ሲባል ነው የሚጮኸው፣ ሰው ዞሮ ያየኛል። ባሌ መቋሚያውን ይዞ ውስጥ ነው እሱ ሰምቶ ይመጣል ምን ተሰበከ ስለው "ጥሩ ነበር" ይላል በቃ።

ለምን ትሄጃለሽ ለምትሉኝ፣ ባለፈው ሳምንት ትንሹ 3 ዓመቱ ነው፣ ሳሎን ውስጥ ፎጣ ትከሻው ላይ አርጎ በውሃ ጠርሙስ ዕጣን እያጠነ "ኪራላይሶ" እያለ ሲዞር አገኘሁት። እኔ አላስተማርኩትም፣ ከቤዝመንትም አላገኘውም። ቡና ያለ ስኳር ይሄ ላንተ መልስ ነው።


ቡና_ያለ_ስኳር (ሰኞ ቀትር)

ሃሃሃ እሺ እሱን ተቀበልኩ። ለልጁ አሜን በይልኝ።


ታሪክ_አንባቢ (ሰኞ ማታ)

የሌሊት ተረኛ ያንተ ነገር አዲስ እንዳይመስልህ። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች እሑድ የሥራ ቀን ነበር ለነሱ። እሑድ ዕረፍት ይሁን ብሎ ያወጀው ቆስጠንጢኖስ ነው በ321። ከዛ በፊት ብዙው ባሪያና የቀን ሠራተኛ ነው፣ እሑድም እንደ ሰኞ ነው። በ112 አካባቢ ፕሊኒ የሚባል የሮም ገዢ አሁን ቱርክ ከሆነው አገር ለንጉሡ ለትራጃን ደብዳቤ ጽፏል፣ እነዚህ ሰዎች በተወሰነ ቀን ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ ይዘምራሉ ብሎ። ጎህ ሳይቀድ የሆነው ለምን ይመስልሃል? አንዱ ምክንያት ሲነጋ ሥራ መግባት ስላለባቸው ነው። አንተ ከሥራ ወጥተህ ነው የምትሄደው እነሱ ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት፣ እንቅልፍ የጎደለው ግን ሁለታችሁም ጋ ነው።

ሌላው፣ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ150ዎቹ ሮም ሆኖ የእሑዱን ጉባኤ ጽፎታል። ከከተማም ከገጠርም ይሰበሰባሉ፣ መጻሕፍት ጊዜ እስከፈቀደ ይነበባሉ፣ መሪው ይመክራል፣ ተነሥተው ይጸልያሉ፣ ኅብስቱና ወይኑ ይቀርባል። ከዛ እኔን የሚገርመኝ ቦታ ይመጣል፣ ላልተገኙት ዲያቆናት ይወስዱላቸዋል ይላል። የቀረ ሰው ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ማን እንደቀረ ካላወቅክ ለማን ትወስዳለህ? የኛም መክፈልት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

በ304 ደግሞ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን አቢቲና በምትባል ከተማ፣ ዛሬ ቱኒዚያ ውስጥ ነው፣ 49 ሰው ሰንበት አክብረው ተሰብስበው ሲጸልዩ ተያዙ። መሰብሰብ ክልክል ነበር። ቤቱን የሰጠውን ኤሜሪቱስን ዳኛው ለምን አስገባሃቸው ሲለው ወንድሞቼ ናቸው ልከለክላቸው አልችልም አለ፣ ከዛ "ያለ ጌታ ቀን መኖር አንችልም" አለ። ይገባናል አላለም፣ ግዴታችን ነው አላለም። አንችልም ነው ያለው።


ተራ_ዲያቆን (ሰኞ ማታ)

ታሪክ አንባቢ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ እርማት ብቻ፣ መክፈልትና ቁርባን አይምታታ። መክፈልት ከዝክሩ ከጠበል ጠዲቁ ለቀረ ሰው የሚላከው ነው፣ ሥጋ ወደሙ አይደለም። ለታመመ ሰው ቁርባን የሚወስደው ካህኑ ነው በሥርዓቱ። የቀረ ሰው ይታወቃል ያልከው ላይ ግን እስማማለሁ።


ቡና_ያለ_ስኳር (ሰኞ ማታ)

አሁን እውነቱን ልናገር። የቀረ ሰው ይታወቃል አላችሁ አይደል? ተራ በተራ ሁላችሁም ያንን ነው ያላችሁት፣ የጴንጤው አባት፣ ዮስጢኖስ ምናምን።

እኔ የዛሬ 3 ዓመት ነው ያቆምኩት። ከዛ በፊት 11 ዓመት አገልግያለሁ፣ ወንበር እሸከም ነበር፣ በረዶ ጠርጌያለሁ፣ ፓርኪንግ ላይ ቢጫ ሰደርያ ለብሼ መኪና አስገብቻለሁ። ከዛ ቦርዱ ተጣላ፣ ፖለቲካ ገባ፣ ዓውደ ምሕረት ላይ ማይክ መቀማት ሆነ፣ አንድ እሑድ ፖሊስ መጣ። ልጄ አይታ "እነዚህ ሰዎች ለምንድነው የሚጮሁት" አለችኝ። ያን ቀን ወጣሁ። ቤተስኪያኑም ለሁለት ተከፈለ።

እና ታውቃላችሁ ስንት ሰው ደወለልኝ? ዜሮ። በ3 ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ደወለ፣ እሱም የበረዶ ማሽኑ ቁልፍ የት ነው ሊል። ስለዚህ ተሰላፊ ነህ አካል ነህ አትበሉኝ። እጅ ተቆርጦ ሰውዬው ሳያስተውል የሚሄድበት አካል አላየሁም።


ተራ_ዲያቆን (ሰኞ ሌሊት)

ወንድም፣ ለዚህ መልስ የለኝም። የዕውቀትም አይደለም። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት የጠፋ አንድ መዘምር አለ፣ ሳነብህ ትዝ አለኝ፣ ቁጥሩ አለኝ። ጠዋት እደውላለሁ።


ሰንበቴ_ናፋቂ (ማክሰኞ)

ይሄ ክር አስለቀሰኝም አሳቀኝም። እኔ ሸዋ ነው ያደግኩት ገጠር። እኛ ጋር መቅረት አይቻልም ነበር፣ ቅድስናችን በዝቶ አይደለም፣ ሰንበቴ ስላለ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰንበቴ ቤት ይገባል፣ ተረኛው ዳቦና ጠላ ይዞ ይመጣል፣ እነእትዬ እነጋሼ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፣ ያ ቦታ ክፍት ከሆነ ከዳቦው በፊት "እከሌ ምን ሆነ" ነው የሚባለው። ሰው ይላካል። አንዴ አያቴ ጥጃ ጠፍቶባት ፍለጋ ሄዳ ቀርታ 3 ሰው መጥቶ ጠየቃት፣ ጥጃውንም እነሱ ናቸው ያገኙት። አያቴ ከቤተስኪያን የ2 ሰዓት መንገድ ነበረች፣ አርጅታ መግባት ሲያቅታት እንኳ ዛፉ ስር ቁጭ ብላ ደጁን ስማ ትመለስ ነበር። ምን ሰማሽ ስንላት "ቃጭሉን" ትላለች። ምን እንደተሰበከ አይደለም፣ ቃጭሉን።

እዚህ ውጭ ግን ቅዳሴውን ይዘን መጣን ሰንበቴውን ግን ተውነው። ቅዳሴ ሲያልቅ ሁሉም ቁልፉን እያሽከረከረ ወደ መኪናው ነው። ቡና ያለ ስኳር ያለው ልክ ነው። ሰው እንዲመጣ የምንገስጸውን ያህል የቀረውን ብንፈልግ ኖሮ ይሄ ክር ራሱ አይከፈትም ነበር። ደግሞ ልብ በሉ፣ የሌሊት ተረኛን ያዩት እኒያ እናት ብቻ ናቸው። በቁጣም ቢሆን ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ያውቃሉ።


ጴንጤው (ማክሰኞ)

ዋው የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር። እኔ በዛ በኩል አላየሁትም ነበር።

የሌሊት ተረኛ እንቅልፍ ካስቸገረህ ደግሞ ሐዋርያት ሥራ 20 ላይ አውጤኪስ የሚባል ጎረምሳ ጳውሎስ ራሱ እየሰበከ ተኝቶ ከ3ኛ ፎቅ ወድቋል። አንተ መሬት ላይ ነህ ግድግዳ አለህ።


አዋቂ_ነኝ_ባይ (ማክሰኞ)

በሐዋርያት ቀኖና መጻሕፍት ሰምቶ ጸሎቱ ሳያልቅ የሚወጣ ይለይ ይላል። ዘግይቶ ስለመጣ ብቻ ነው የምታወሩት፣ ቀድሞ ስለሚወጣውስ? ስብከት ሲጀመር መኪና የሚያስነሳውን ማን ይቆጣዋል?


የሦስት_ልጆች_እናት (ማክሰኞ)

እሱን ባሌን ጠይቅ 😂


የሌሊት_ተረኛ (በሳምንቱ ረቡዕ)

ሰላም እንደገና። ብዙዎቻችሁ በግል ጠይቃችሁኛል፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

እሑድ ሄድኩ። ለ2 ሩብ ጉዳይ ያው ሰዓቴ። ወንጌል አልደረስኩም፣ ሐዋርያው ጳውሎስን አልደረስኩም፣ ምንም አልደረስኩም። ወደ በሩ ስጠጋ ልቤ ይመታ ነበር እውነቴን ነው፣ ምን እንደምመልስላቸው መኪና ውስጥ ስለማመድ ነው የመጣሁት። የሉም። ሌላ ሴት ነች በሩ ላይ ያለችው፣ ቀና ብላም አላየችኝም ስልኳን ነው የምታየው። ገብቼ ግድግዳዬ ጋ ቆምኩ። "ተአምኁ" ሲባል ዲያቆን ያልከው ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ ፍሪጁ። አጠገቤ አንድ ጎልማሳ ነበር፣ ጎንበስ አልንለት ጎንበስ አለልን፣ ማለት እኔና አንድ ሕፃን።

ሲያልቅ ጠበል የምታድለዋን ልጅ ጠየቅኳት፣ እኒያ በር ላይ የሚቆሙት እናት የት አሉ ብዬ። "እእ እሳቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነው" አለች። መቼ ስላት 2 ወር አለፈው አለችኝ። ማን ጠየቃቸው ስላት ወዲያ ወዲህ አለች፣ ልጃቸው ሌላ ስቴት ነው፣ አባ አንዴ ሄደዋል፣ በቃ። እኔ እሳቸውን የመሰሉ ሰዎች ጋ ነው በሳምንት 5 ሌሊት የማድረው፣ ማንም የማይመጣባቸው ክፍሎች የትኞቹ እንደሆኑ አውቃለሁ፣ በሩ ላይ ምንም ወረቀት የተለጠፈ የለም፣ መስኮቱ ላይ አበባ የለም።

ትናንት ዕረፍት ነበርኩ ሄድኩ። ጠበል በትንሽ ኮዳ፣ ዳቦ፣ የተቆላ ቡና። ሰላም እማማ ስላቸው አላወቁኝም። ወንጌል ካለፈ በኋላ የምመጣው ልጅ ነኝ አልኳቸው። ቆይ ብለው መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና "አንተ የት ጠፍተህ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ" አሉኝ። የነገሩኝን ነገር ጭራሽ አያስታውሱትም። እኔ 7 ወር ተሸክሜው።

ከዛ ጥያቄ በጥያቄ አደረጉኝ። የማን ቅዳሴ ነበር እሑድ? ማን ቀደሰ? መዘምራኑ ወረቡ ወይ? እነ እከሌ መጡ? በሩ ላይ ማነው የቆመው? እኔ ግማሹን አላውቅም፣ ግማሽ ቅዳሴ ነው የማውቀው። በመጨረሻ ምን አሉኝ፣ "ወንጌሉ ምን ነበር?"

አልደረስኩም አልኳቸው።

"እንግዲህ" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "ለኔ የሚነግረኝ የለ፣ ፈጠን በል እንጂ።"

ለአለቃዬ የቅዳሜን ተራ ከአንዷ ጋር እንድቀያየር ጠይቄያለሁ፣ በወር ሁለቴ ይሆናል ብላለች።


ሻርጃ_ላይ (ረቡዕ)

እሰይ ወንድሜ። የሚመጣው አርብ ጥያቄ አለኝ ለማዳም፣ አንድ እሑድ እንድትጨምርልኝ። ጸልዩልኝ።


ተራ_ዲያቆን (ረቡዕ)

ለእናታችን ስማቸውን በግል ላክልኝ፣ ክርስትና ስማቸውን። ያ መዘምርም ስልኩን አነሣ፣ ሥራ ቀይሮ ነው፣ በሌላ ቀን አወራዋለሁ።


ቡና_ያለ_ስኳር (ረቡዕ ሌሊት)

እኔ ቅዳሴ አልመጣም ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ እንዳትጠብቁኝ።

የሌሊት ተረኛ ግን እኒያ እናት ረጅም ናቸው? ቀይ? ጥቁር ሹራብ ከነጠላው ስር የሚያደርጉ? እሳቸው ከሆኑ አውቃቸዋለሁ፣ በረዶ ስጠርግ ሻይ በቴርሞስ ያመጡልኝ ነበር፣ ሁሌ ስኳር ረስተው። ስሜ ራሱ ከዛ ነው የመጣው፣ ቡና ሲያመጡም እንደዛው ነው። የት እንዳሉ በግል ጻፍልኝ፣ ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ።